ከጎንደር ጉባኤ ቤቶች እስከ ስድስት ኪሎ፦ የተማሪዎች የከተማ ጉዞ ታሪክ

የኢትዮጵያ የትምህርት ታሪክ ሲጻፍ በአብዛኛው የሚነገረው ትምህርት ቤቱ መቼ እንደ ተከፈተ፣ ማን እንደ መሠረተውና ምን ምን እንደ ተማሩበት ሲሆን፣ ተማሪው ከተወለደበት መንደር ተነሥቶ እስከ ትምህርት ቤቱ በር የደረሰበት መንገድ ግን እንደ ተራ ነገር ይታለፋል። ይሁን እንጂ ከፍ ያለ ትምህርት በጥቂት ቦታዎች ብቻ ተወስኖ በኖረበት ረጅም ዘመን መማር ማለት አስቀድሞ ከአገር መውጣት ስለ ነበረ፣ መንገዱ ራሱ የትምህርቱ አንድ ክፍል ነበረ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚህም መንገድ ልጁ ብቻውን የሄደበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ከአንድ አጥቢያ፣ ከአንድ መምህር ወይም ከአንድ ክፍል የወጡ ባልንጀሮች ተጠራርተው አብረው ይነሡ ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን የት እንደሚያድሩ፣ ምን እንደሚቀምሱና ማንን እንደሚጠይቁ የሚወስነውም ከትምህርት ቤቱ ደንብና ከመንግሥት እርዳታ በፊት ይኸው ትንሽ ማኅበር ነበር። ይህ ልማድ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ወደ ዘመናዊው ሳይቋረጥ ተላልፎ፣ ደበሎ ለብሶ ጎንደር የገባውን ተማሪና በጭነት መኪና አዲስ አበባ የደረሰውን ተማሪ በአንድ ታሪክ ያስተሳስራል።

በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተማሪው ፊደልና ንባብን በአጥቢያው ከተማረ በኋላ የቀረውን አንድ ቦታ ተቀምጦ ሊጨርሰው አይችልም ነበር፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ የትምህርት ዘርፍ የየራሱ ምስክር ቤት፣ ማለትም ትምህርቱን ለማጽናትና መምህር ለመባል የሚያበቃ የታወቀ መንበር ነበረው። የዓመቱን ክብረ በዓላት መዝሙር የያዘውን ድጓ ለማስመስከር ጋይንት ወደምትገኘው ቤተልሔም፣ በቁርባን ጊዜ የሚዜመውን ዝማሬና በፍትሐት የሚባለውን መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ፣ በግእዝ የሚዘረፈውን ቅኔ ለመቁጠር ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ መሄድ ግድ ነበር። በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ የሚቀርበውን አቋቋምና የቅዱሳት መጻሕፍትን አንድምታ ትርጓሜ የሚሻ ደግሞ፣ ከየትኛውም አውራጃ ቢነሣ፣ ፊቱን ወደ ጎንደር ያዞር ነበር። ስለዚህ የቅኔ ተማሪ ሆኖ የወጣ ልጅ ሊቅ ተብሎ እስኪመለስ ድረስ፣ ተመልሶ ከሆነ፣ ከዐሥርና ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ በመንገድና በጉባኤ መካከል ሊኖር ይችላል።

ከአገር የሚያስወጣው የመምህር መራቅ ብቻም አልነበረም። በወላጆቹ አጠገብ የሚማር ልጅ ለእርሻ፣ ለከብት ጥበቃና ለመላላክ ስለሚፈለግ ቀለም አይጸናለትም የሚል እምነት በመምህራንም በተማሪዎችም ዘንድ ሥር የሰደደ ስለ ነበረ፣ ብዙዎቹ የአባታቸውን ፈቃድ ሳያገኙ፣ ለእናታቸውም ሳይናገሩ፣ ከባልንጀራ ጋር በምስጢር ተቀጣጥረው ሌሊት ይጠፉ ነበር። ጓደኛ የሚያስፈልገው እንግዲህ ከመጀመሪያዋ ሰዓት ጀምሮ ነው፤ አንዱ ሲፈራ ሌላው ያበረታዋል፣ አንዱ መንገዱን ባያውቅ ሌላው ከነጋዴ የሰማው ይኖራል፣ የቤተ ሰብ ወገን ፈልጎ ቢደርስባቸውም ሁለት ሆነው ለመከራከር ይቀላል። የመነሻው ወቅት በአብዛኛው ክረምት ወጥቶ ወንዞች ሲጎድሉ ነበር፤ ዐባይንና ገባሮቹን ሳይሻገር ከጎጃም ወደ ቤጌምድር ወይም ከሸዋ ወደ ጎጃም የሚሄድ ተማሪ አልነበረምና።

የተማሪው ዕቃ ጥቂት ነው። ከበግ ቆዳ የተዘጋጀው ደበሎ ቀን ልብስ ሌሊት ምንጣፍና ብርድ ልብስ ሲሆን፣ ከስንደዶና ከአክርማ የተሰፋው አኮፋዳ ደግሞ የተለመነው ቁራሽና ቆሎ የሚያዝበት ዕቃ ነው፤ በማኅደር የገባ ዳዊት ያለውም ዳዊቱን በትከሻው ያንጠለጥላል፤ በትር ለውሻና ለጅብ አይታለፍም። ምግብ የሚገኘው በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም»፣ ማለትም ስለ ማርያም ስም፣ በማለት ሲሆን፣ ይህ ልመና እንደ ነውር የሚታይ አልነበረም፤ ባላገሩ ከማዕዱ ለተማሪ ማካፈልን እንደ ጽድቅ ሥራ ስለሚቆጥረው፣ የአገሪቱ ከፍተኛ ትምህርት በሙሉ፣ ያለ አንዳች መዝገብና በጀት፣ በገበሬው እንጀራ ቆሞ ኖሯል። ይህ እውነት ከሚነገረው በላይ ሊነገርለት የሚገባ ነው። በጋራ የሚሄዱ ተማሪዎች የለመኑትን አንድ ላይ አድርገው ይበሉ ነበር፤ ታላቁ ለታናሹ ቀለም እያስያዘው፣ ያጠኑትም እንዳይጠፋ በመንገድ ላይ እየተቀባበሉ እየደገሙት፣ ለብዙ ቀን በእግራቸው ይጓዙ ነበር።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ፋሲል የመንግሥታቸው መቀመጫ ያደረጓት ጎንደር ከመንደርና ከገበያ ቦታ በቀር ከተማ አይቶ ለማያውቅ ለእንዲህ ያለው ተማሪ፣ የነገሥታቱን ግንቦች፣ አርባ አራት ይባሉ የነበሩትን አብያተ ክርስቲያናትና ከየአገሩ የሚመጣውን የቅዳሜ ገበያ ሰው በአንድነት የምታሳይ ቦታ ነበረች። የመጀመሪያው ቀን ግን ለመደነቅ ብዙ ጊዜ አይሰጥም። አዲስ ገቢዎች ወደሚፈልጉት መምህር ደብር ሄደው ከቅጥሩ ውጭ ያሉትን ተማሪዎች ከየት አውራጃ እንደ መጡ ይጠይቃሉ፤ የአገር ልጅ ካገኙ በእርሱ አማካይነት ወደ የኔታ፣ ማለትም ወደ መምህሩ፣ ቀርበው እጅ ይነሣሉ፤ መምህሩም ከየት ጉባኤ እንደ መጡና ምን እንደ ተማሩ ጠይቆ ይቀበላቸዋል። ክፍያ የለም፤ የምዝገባ ወረቀት የለም። ማደሪያው በደብሩ ዙሪያ ተማሪዎች ራሳቸው የሚሠሯት ጠባብ ጎጆ ስለሆነች፣ የገቡበት ዕለት በአንድ ነባር ተማሪ ጎጆ ተጠግተው ያድሩና በቀጣዮቹ ቀናት እንጨትና ሣር ለቅመው የራሳቸውን ይቀልሳሉ። አብረው የመጡት ሥራ ተከፋፍለው መሥራታቸውም እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ አንዱ ውኃ ሲቀዳ፣ አንዱ ለልመና ሲወጣ፣ አንዱ በእግር ጉዞ የታመመውን ጓደኛ ያስታምማል።

ከተማዋ በ1859 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ተዘርፋና ተቃጥላ፣ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ በሱዳን ድርቡሾች አብያተ ክርስቲያናቷ ነደው የመንግሥት መቀመጫነቷ ፈጽሞ ከቀረ በኋላ እንኳ የተማሪው ጉዞ አልቆመም፤ በተለይ ከአብያተ ክርስቲያናቷ አንዷ የሆነችው በአታ የአቋቋም መምህራን መንበር ሆና እስከ ቅርብ ዘመን ኖራለች። ቤተ መንግሥት የተለየውን ከተማ ጉባኤ ቤት ብቻውን የሰው መድረሻ አድርጎ ሊያቆየው እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር ማግኘት ይቸግራል። የዚህን ኑሮ ዝርዝር ለማወቅ ለሚሻ፣ አለቃ ለማ ኃይሉ ለልጃቸው ለመንግሥቱ ለማ የነገሩትና በ1959 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፈ ትዝታ ተወዳዳሪ የሌለው ምንጭ ነው።

በሙስሊሙ ማኅበረ ሰብ ዘንድም ተመሳሳይ ልማድ ነበረ። ደረሳ የሚባለው የቁርኣን፣ የፊቅህና የዐረብኛ ሰዋስው ተማሪ፣ ወሎ ውስጥ እንደ ዳናና እንደ ጌታ ባሉት ስመ ጥር የትምህርት ማዕከሎች ከሼኽ ወደ ሼኽ እየተዘዋወረ፣ በአካባቢው ሕዝብ ምግብና ማደሪያ እየተደገፈ ይማር ነበር። ደረሳውና የቤተ ክርስቲያኑ የቆሎ ተማሪ በአንድ መንገድ ላይ ተላልፈው፣ በአንድ ገበሬ ደጅ ውኃ የጠየቁበት ጊዜ ብዙ ሊሆን ይችላል።

ወደ አዲስ አበባ የሚደረገው ጉዞ በዚህ መሠረት ላይ የተጨመረ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን መጨረሻ ከግብጽ በመጡ የቅብጥ መምህራን የተጀመረው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትና ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. የተመረቀው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በብዛት የያዙት የመኳንንትንና የከተማ ነዋሪዎችን ልጆች ነው፤ ሆኖም ከቅኔ ቤት ወጥተው ወደዚያ የተሻገሩም ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከተማሩ በኋላ አዲስ አበባ መጥተው ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የገቡት ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። ከምሥራቅ ለሚመጣው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የባቡር ሐዲድ መንገዱን አሳጥሮታል፤ ይሁንና ባቡሩ በሌሊት ስለማይሄድ ከድሬዳዋ የተሳፈረ ተማሪ አንድ ሌሊት አዋሽ አድሮ በማግሥቱ ለገሃር ይወርድ ነበር።

ጉዞው የብዙኃን ልጆች ጉዞ የሆነው ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ነው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ጀምሮ የፋሺስት ኢጣልያ አገዛዝ የተማረውን ወጣት እየለቀመ ስለ ፈጀ፣ የተመለሰው መንግሥት ጸሐፊ፣ አስተማሪ፣ ሐኪምና መሐንዲስ የሚሆን ሰው አጥቶ ነበር፤ ይህን ክፍተት ለመሙላት በ1935 ዓ.ም. ኮተቤ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በ1930ዎቹ መጨረሻም ጄኔራል ዊንጌት ተከፈቱ። ሁለቱም አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ ማለትም ተማሪው ምግቡን፣ መኝታውንና ልብሱን ከዚያው እያገኘ ይማርባቸው ነበር፤ ስለዚህ ከጠቅላይ ግዛት የመጣ የድኻ ልጅ ጎበዝ ከሆነ ይገባል። በየአውራጃው የነበረው ትምህርት ቤት በብዛት ከስምንተኛ ክፍል ስለማያልፍ፣ ሚኒስትሪ የሚባለውን አገር አቀፍ ፈተና ያለፈ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ለመቀጠል ከቤቱ መውጣት ነበረበት። ኋላም ስድስት ኪሎ የነበረው የልዑል በዕደ ማርያም ትምህርት ቤት በየጠቅላይ ግዛቱ የላቀ ውጤት ያላቸውን ልጆች እየመረጠ ለመጨረሻው ክፍል ያስመጣ ነበር። በ1943 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅና በ1954 ዓ.ም. እዚያው ስድስት ኪሎ ያለውን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተረክቦ የተቋቋመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የዚህ ጉዞ የመጨረሻ መድረሻዎች ሆኑ።

በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ የነበረው መንገድ የራሱ መልክ አለው። የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ተቋቁሞ መንገዶችን ማደስ ቢጀምርም፣ ብዙ ልጆች መኪና ለማግኘት አንድና ሁለት ቀን በእግር ወይም በበቅሎ መሄድ ነበረባቸው። ከዚያ በኋላ በኢጣልያ ጊዜ የመጣውና ሕዝቡ «ትሬንታ ኳትሮ» የሚለው የፊያት ጭነት መኪና፣ ወይም ዕድል ከቀናቸው አውቶቡስ፣ ይጠብቃቸዋል። በጭነት መኪና የሚሄዱት ከእህል ጆንያ ላይ ተቀምጠው ስለሚጓዙ አቧራውንና ብርዱን የሚከላከሉት ጋቢያቸውን ለሁለት ለሦስት እየተጋሩ ነው። የወሎ ልጆች ደብረ ሲናን አልፈው የጣርማ በርን ቀዝቃዛ ዋሻ፣ የጎጃምና የቤጌምድር ልጆች ደግሞ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል የሚወርደውንና የሚወጣውን የዐባይ በረሓ ያልፋሉ፤ ብዙዎቹ ቆላና ደጋ፣ ቋንቋውና አለባበሱ የተለያየ ሰው በአንድ አገር ውስጥ መኖሩን በዓይናቸው ያዩት በእነዚህ መንገዶች ላይ ነው። በሌሊት መንዳት ስለማይዘወተር መንገደኛው በየከተማው ያድራል፤ ተማሪዎችም የአልጋ ገንዘብ ለመቆጠብ ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይይዛሉ፣ ካልሆነም በመኪናው ላይ ያድራሉ። እናት ያዘጋጀችው በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ቋንጣ በዚህ ጊዜ ይፈታል፤ ቅቤውና ማሩ ግን ከተማ ለሚቀበላቸው ዘመድ የተላከ ስለሆነ አይነካም።

አገባቡ እንደ አመጣጡ አቅጣጫ ይለያያል። ከደሴ መስመር የሚመጣው በኮተቤ በኩል ስለሚገባ፣ ለዚያ ትምህርት ቤት የተመደበው ልጅ መካከለኛውን ከተማ ሳያየው በመንገዱ ላይ ሊወርድ ይችላል፤ ከጎጃም የሚመጣው ግን ሱሉልታን አልፎ የእንጦጦን ወገብ ሲያቋርጥ፣ በባሕር ዛፍ መካከል ቆርቆሮ የለበሰችው ከተማ ከታቹ ተዘርግታ ይመለከታል። ከዚያ በኋላ መርካቶና አውቶቡስ ተራ ናቸው። ተሸካሚው ዕቃ ሲሻማ፣ ደላላው ሲጣራ፣ የጋሪውና የመኪናው ድምፅ ሲደባለቅ፣ ልጆቹ አስቀድሞ ከተነገራቸው ምክር የሚያስታውሱት ኪስን መጠበቅና አለመለያየትን ነው። አንዱ በዕቃው ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ ሌላው ደብዳቤ ይዞ ዘመድ ፍለጋ ይወጣል፤ የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም ጠያቂን በማይረዱበት ከተማ አድራሻው የሚነገረው በሰፈር፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በድልድይ ነውና «ደጃች ውቤ ሰፈር፣ እገሌ የሚባሉ የጎንደር ሰው» ብሎ ጠይቆ ማግኘት ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር። ሲገኝ ግን ዘመዱ ለአንዱ ብቻ አይደለም፤ የእርሱ የሥጋ ዘመድ የሆነው ሰው አብረው ለመጡት ሁሉ እግር ያስታጥባል፣ እንጀራ ያቀርባል፣ መደብ ላይ ያስተኛል፣ በማግሥቱም እስከ ትምህርት ቤቱ በር ያደርሳቸዋል። የጎንደር ነባር ተማሪ አዲሱን ወደ ጎጆው እንዳስገባው ሁሉ፣ የአዲስ አበባው የአገር ሰውም ያንኑ ግዴታ ሳይጻፍለት ይፈጽም ነበር፤ በአነስተኛ ደመወዝ የሚተዳደሩ ብዙ የመንግሥት ጸሐፊዎችና ወታደሮች ቤታቸውን ለዓመታት የተማሪ ማረፊያ አድርገው መኖራቸው በአገሪቱ የትምህርት ታሪክ ውስጥ ስማቸው ሊነሣ የሚገባ ባለውለታዎች ያደርጋቸዋል።

ለሴቶች ልጆች ይህ መንገድ እጅግ ጠባብ ነበር። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት በ1924 ዓ.ም. ተከፍቶ አዳሪ ተማሪዎችን ይቀበል የነበረ ቢሆንም፣ ጠለፋ በሚፈራበት ጎዳና ልጃገረድን ከእኩዮቿ ጋር ብቻ የሚሰድ ወላጅ አይገኝም፤ አባት፣ ወንድም ወይም አጎት አብሮ የማይሄድላት ልጅ ትምህርቷ በዚያው በአገሯ ይቆማል። ወንዶቹን ያሻገረው የባልንጀርነት ማኅበር ለእኅቶቻቸው አለመዘርጋቱ የዚህ ታሪክ ትልቁ ጉድለት ነው።

መንገዱን ጨርሰው የገቡት ተማሪዎች በትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚያድሩበት የመጀመሪያ ሌሊት ሌላ ዓይነት ነው። የብረት አልጋ፣ አንሶላ፣ የቧንቧ ውኃ፣ የኤሌክትሪክ መብራትና በደወል የሚታዘዝ ሰዓት ለብዙዎቹ አዲስ ነበሩ፤ በስድስት ኪሎ ግቢ ላደሩት ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ከነበረው የአንበሳ ግቢ የሚሰማው ግሣት ይጨመራል። የመኝታ ክፍሉ ድልድል የአገር ልጆችን ለያይቶ ከሐረርጌ፣ ከትግሬ፣ ከወለጋ፣ ከሲዳሞና፣ ከ1945 ዓ.ም. ፌዴሬሽን በኋላ፣ ከኤርትራ ከመጡ ጋር ይደባልቃቸዋል። በመንገድ ላይ የተጀመረው ጓደኝነት እዚህ ሰፍቶ፣ ከአንድ አጥቢያ ልጆች ማኅበር የአገር ሁሉ ልጆች ማኅበር ወደ መሆን ተለወጠ። በየካቲት ወር 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ የወጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ ብቻ አላገኙትም፤ ብዙዎቹ ከአባታቸው ማሳ ተነሥተው፣ የየአገሩን ገበሬ ኑሮ በጭነት መኪና ላይ ሆነው እያዩ የመጡ፣ ማታ ማታም በመኝታ ክፍል ያዩትን የተነጋገሩ ነበሩ። የተማሪው ንቅናቄ ሲተነተን የውጭ አገር ርዕዮተ ዓለም ተጽዕኖ አብዝቶ ይነገራል፤ የመንገዱ ድርሻ ግን ከዚያ የሚያንስ አይመስልም።

በዚያው በ1957 ዓ.ም. ጉዞው ወደ ኋላም ተመለሰ፤ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት በአብዛኛው በአስተማሪነት እንዲያገለግል የሚያዝዘው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ። ከአብዮቱ በኋላም ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. በጃንሜዳ በይፋ በተጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በአንድ ጊዜ ወደ ገጠር ሲወጡ፣ ወደ ከተማ በጓድ የገቡት በጓድ ተመልሰው ሄዱ፤ ከእነዚያም መካከል በቀጣዮቹ ዓመታት የፖለቲካ እልቂት ያለቁት እጅግ ብዙ ናቸው።

ከ1990ዎቹ ጀምሮ የዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከሁለትና ሦስት ተነሥቶ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ሲደርስ የጉዞው አቅጣጫ አንድ መሆኑ ቀረ፤ የአዲስ አበባ ልጅ ወደ ጅማ፣ የጅማው ወደ መቐለ፣ የሐዋሳው ወደ ጎንደር ይመደባል፤ ምደባው በኢንተርኔት በታወቀ ማግሥት አንድ ዩኒቨርሲቲ የደረሳቸው የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ተፈላልገው አብረው ቲኬት ይቆርጣሉ። ዩኒቨርሲቲዎችም አዲስ ገቢዎች በሚጠሩበት ሰሞን አውቶቡሶቻቸውን ወደ መናኸሪያ ይልካሉ፤ ነባር ተማሪዎች፣ በተለይ በየሃይማኖቱ የተቋቋሙት የግቢ ማኅበራት አባላት፣ በመውረጃው ቆመው ሻንጣ ይቀበላሉ፣ ምዝገባውንና የዶርም ድልድሉን ያሳያሉ፣ ከየት አገር እንደ መጡም ይጠይቋቸዋል።